የዳሃቦ እትብት

ድሬዳዋ ውስጥ አሮጌ ፔጆ ያለው ሰው ሞልቷል። የኔዋ ግን ከሁሉም ትለያለች ብዬ አልጀምርም፤ ይህን የማያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ ስለሌለ ቀለም ማባከን ነው። ስሟ ዳሃቦ ነው፤ በሶማሊኛ ወርቅ እንደማለት። ስሙን ያወጣላት፣ አላህ ይርሐመውና፣ አባቴ አብዱላሂ ነው። ያኔ ቀለሟ የበሰለ ሎሚ ነበር፤ ዛሬ ትንሽ ወደ ሻሂ በወተት አዘንብላለች። ከከዚራ ተነስታ ወደ መጋላ ስትሻገር ድምጿን የሰማ ባለ ባጃጅ ሁሉ ዳር ይይዛል። ከአክብሮት ነው የሚሉ አሉ፤ ከጭሱ ነው የሚሉም አሉ። እኔ የመጀመሪያዎቹን አምናለሁ።

አባቴ ሊሞት ሲል ለወንድሞቼ ሱቅና ቤት ተናዘዘ። ለኔ የዳሃቦን ቁልፍ ሰጠኝና አንድ ነገር ብቻ አዘዘኝ፤ «የኋላ ወንበሯን እንዳታስቀይር።» ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። መኪና የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም። ከዚያ ወዲህ ሞተሯን ቀይሬያለሁ፤ በሮቿ ከሐረር፣ ኮፈኗ ከጅግጅጋ የመጡ ናቸው፤ መሪዋ የሌላ ፔጆ ነበር። የኋላ ወንበሯ ግን ያው ነው፤ መሐሉ ላይ የደበዘዘ ቀይ ቆዳ። ሰው ሲጠይቀኝ፣ «ይሄ የፈረንሳይ ቆዳ ነው፤ እንዲህ ያለው ዛሬ ቤተ መንግሥት ካልገባህ አታገኘውም» እላለሁ።

ታዲያ ልጄ ፋርሒያ ልታገባ ሆነ። ገና ስትድህ ጀምሮ «ይቺ ልጅ ባሏ ቤት የምትገባው በዳሃቦ ነው» ስል ያልሰማኝ ጎረቤት የለም። ፋርሒያ ግን ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ከሱሪ ክምር ውስጥ አንዲት የተጣመመች ስፌት ካለች ዐይኗ ሄዶ እዚያው ላይ ያርፋል። እንዲህ ዓይነት ዐይን ደግሞ ለድሮ መኪና አይመችም።

በዚያ ላይ አንድ ነገር አለ። ከሽምግልናው በኋላ ለትውውቅ ተጠርተን የሙሽራው የጦልሃ ቤት በር ላይ ስንደርስ ዳሃቦ ቀጥ አለች። ሞተሯ ሞቆ ስለነበር ትንሽ ልታርፍ ፈልጋ ነው። የጦልሃ አጎቶች ግን ያን ሁሉ ነጭ በነጭ ለብሰው ወጥተው ገፏት። የአንደኛው ሽርጥ ከኋላ መከላከያ ብረቷ ጋር ተያዘ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፋርሒያ ዳሃቦን ስታይ ፊቷ ላይ አንድ ጥላ ያልፋል።

«አባ» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ሙሽራ በቬሎ ቆማ መኪናዋ ሲገፋ ታይቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እኔም የመጀመሪያዋ መሆን አልፈልግም።»

የጦልሃ ወገኖች ነጫጭ አዳዲስ መኪኖች ሊያሰልፉ ነው ተባለ። ባለቤቴ ካልቱንም ለኛ ወገን አንድ ነጭ መኪና እንከራይ አለች። ይህን ሰምቼ ነው እንግዲህ ከምሳ በኋላ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ወዳለው የሉቅማን ሱቅ ለበርጫ የሄድኩት። ሉቅማን መለዋወጫ ይሸጣል። የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ገልዴሳ ገጠር ነው የተወለደው፤ እኔም ይህን እንዳይረሳው በየቀኑ አስታውሰዋለሁ። እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፤ ሆስፒታል፣ ማራገቢያ ሥር፣ ፈረንሳዊ ሐኪም እጅ ላይ የወደቅኩ። እናቴ ነች የነገረችኝ። ፈረንሳዊ የሚለውን ምናልባት እኔ ጨምሬው ይሆናል፤ ግን ያኔ ሐኪም ሁሉ ፈረንሳዊ ነበር።

«ዳሃቦን አትናቁ» አልኳቸው አብረውን የሚቅሙትን፣ ጫቱ ትንሽ ያዝ ሲያደርገኝ። «ዳሃቦ ትውልድ አገሯ ድረስ በራሷ ጎማ ደርሳ ሳትገፋ የምትመለስ መኪና ናት።»

«ትውልድ አገሯ የት ነው?» አለ ሉቅማን።

«ፈረንሳይ።»

ሉቅማን ስልኩን አወጣና ካልቱን ጋ ደወለ፤ ድምጹንም ከፍ አደረገው። «ካልቱን፣ ባልሽ ዳሃቦን ትውልድ አገሯ አድርሼ ሳትገፋ እመልሳታለሁ እያለ ነው። ሰው ሁሉ እየሰማ።»

ካልቱን አልጮኸችም። ካልቱን ሳትጮኽ ስትናገር ያስፈራል። «ይሂዳ» አለች። «ከሠርጉ በፊት ደርሳ ሳትገፋ ትመለስ፤ ፋርሒያ በዳሃቦ ትሄዳለች፤ እኔም ደግሜ አላነሳውም። ካልሆነ ነጩን መኪና እንከራያለን፤ አንተም ደግመህ አታነሳውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ዐብዲገኒ።»

ሠርጉ እሑድ ነው። ፈረንሳይ ደግሞ መሐል ላይ ባሕር አለ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያልቅለት ነበር።

«ቆይ» አልኩ። «ሰውን ትውልድ አገርህ የት ነው ስትሉት ምን ይላል? እናቱ ያማጠችበትን አልጋ ይቆጥራል? እትብቱ የተቀበረበትን ነው የሚናገረው። ዳሃቦም እንደዚያው ናት። ፋብሪካማ አልጋ ነው።»

«መኪና እትብት አላት?» አለ ሉቅማን።

«ቺንጊያዋስ? ሞተሩን ከማራገቢያው ጋር የሚያያይዘው ምኗ ነው? ያ ቺንጊያ ካልዞረ ትነፍሳለች? አባቴ ገና እንደገዛት ለዘመዶቹ ሊያሳያት ገጠር፣ ዋሂል ወሰዳት። እዚያ ስትደርስ ከፈረንሳይ ይዛው የመጣችው ቺንጊያ ተበጠሰ። አባቴም ወደ ውጭ አልጣለውም። እሱ ራሱ እትብቱ የተቀበረበት ቁርቁራ ዛፍ አለ፤ እዚያው ሥር ቀበረው። ስለዚህ ዳሃቦ የዋሂል ልጅ ናት።»

ይህን ታሪክ ከየት እንዳመጣሁት አትጠይቁኝ። አፌን ስከፍት እዚያው ነበር። ግን ሲወጣ እንዴት ያማረ ነበር፤ እኔ ራሴ አባቴ አጎንብሶ አፈር ሲጭር ታየኝ።

«በሬ ወለደ» አለ ሉቅማን።

«በሬ አላልኩም። ፔጆ ነው ያልኩት።»

«ምስክር አለህ?» አለች ካልቱን በስልኩ ውስጥ።

«ኤዶ ሃሊሞ አለች። ያኔ እዚያው ነበረች።» ኤዶ ሃሊሞ የአባቴ ታናሽ እህት ናት፤ ዋሂል ነው የምትኖረው፤ በጣም ትወደኛለች። አንድ ጊዜ ጥቅስ ባደርጋት ቀሪውን ራሷ ትጨርሰዋለች ብዬ ተማመንኩ።

«ጥሩ» አለች ካልቱን። «ፋርሒያ አብራህ ትሂድ። እሷ ታጣራ።»

ከመሄዴ በፊት ሉቅማን አዲስ ቺንጊያ ሸጠልኝ። ኦሪጅናል ነው ብሎ ማለልኝ። እዚያው ገጠምኩት።

በማግስቱ ጠዋት ጉዞ ጀመርን። ዋሂል ካርታ ላይ ከድሬ ጋር ትከሻ ለትከሻ የተቀመጠች ትመስላለች። ካርታውን የሠራው ሰውዬ ግን በፔጆ አልሄደም። አሸዋው ሌላ መኪና የሚውጥ ነው፤ ድንጋዩ የአንበሳ ጥርስ ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ ወፍ በአየር ላይ የሚጠብስ። ዳሃቦ ግን መርከብ ናት። ፋርሒያ የኋላ ወንበር ላይ መሐል ለመሐል ተቀምጣለች፤ እንደ ዳኛ። በመስታወቱ አያታለሁ፤ ጆሮዋ ሞተሩ ላይ ነው።

«ይሄ ቅርቅርታ ምንድን ነው?» አለች።

«ዘፈኗ ነው።»

«ይሄ ሽታስ?»

«ቤንዚኑ ደስ ብሎት ነው።»

አንድ ደረቅ ወንዝ ዳር ለማረፍ ቆምን፤ እኔ መልክዐ ምድሩን ላሳያት ብዬ ነው። እግረ መንገዴን ራዲያተሯን ውሃ አጠጣኋት። አንዲት ግመል መንገዱ መሐል ቆማ ዳሃቦን ከላይ እስከታች አየቻት፤ ክላክስ ነፋሁ፤ ንቅንቅ አላለችም።

«ዘመድ ያገኘች መስሏት ነው» አለች ፋርሒያ። ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ መስኮቱን ይዛ ወደ ውጭ ታያለች። «አባ» አለችኝ፣ «በትውውቁ ቀን የጦልሃ እናት መስኮት ላይ ቆማ ነበር። ስትስቅ አየኋት። ከዚያች ሴት ጋር ነው እድሜዬን የምኖረው።»

ለዚህ መልስ ነበረኝ፤ ለሁሉም ነገር መልስ አለኝ። ግን መንገዱ ጠመዝማዛ ስለነበር መሪው ላይ አተኮርኩ።

ዋሂል ስንገባ ሰው ሁሉ ከየሱቁ ወጥቶ አየን። መንደሩ በሙሉ ነው የወጣው ብል ፋርሒያ ታርመኛለች፤ እሷ ሻሂ ቤት በር ላይ የነበሩ ሽማግሌዎች ናቸው ትላለች። ያም ሆነ ይህ፣ ኤዶ ሃሊሞ ግቢ ገብተን ከቁርቁራው ዛፍ አጠገብ ስቆም ሞተሩን ቶሎ አላጠፋሁትም፤ እንዲሰማ ብዬ።

ኤዶ ሃሊሞ ምርኩዟን ይዛ ወጣች። ቀጭን ናት፤ ድምጿ ግን ያንድ ገበያ ድምጽ ነው። «ወሪያ ዐብዲ» አለች፣ «እስካሁን ይቺን ትነዳለህ? ሸጠሃት ነው ብዬ ነበር።» ፋርሒያን አቅፋ ሳመቻት፤ ስለሠርጉ ጠየቀች፤ ዱዓ አደረገችላት። የግመል ወተት ጠጣን። ከዚያ ፋርሒያ ጊዜ አላባከነችም።

«ኤዶ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚህ ቁርቁራ ሥር የዳሃቦ ቺንጊያ ተቀብሯል?»

«የምን ቺንጊያ?»

እኔ ከፋርሒያ ጀርባ ቆሜ ጠቀስኳት።

ኤዶ ሃሊሞ ወደኔ አየች። «ዐይንህ ምን ሆነ?»

ደግሜ ጠቀስኳት፤ በዚህኛው ቅንድቤንም ጨመርኩበት።

«ልጄ፣ አባትሽ ዐይኑ ታሟል» አለች። «እንዲህ፣ እንዲህ ያደርገዋል። ሐኪም አሳይታችሁታል?»

ፋርሒያ ዘወር ሳትል፣ «ድሮም ያለበት ነው» አለች። «ታዲያ የተቀበረ ነገር የለም?»

«የተቀበረማ አለ» አለች ኤዶ ሃሊሞ። «የሱ እትብት ነው የተቀበረው።»

«የአያቴ?»

«የአባትሽ። የዚህ።» ምርኩዟን አንስታ ደረቴን ነካችኝ።

ሳቅኩ። «ኤዶ፣ እኔ ድሬ ሆስፒታል ነው የተወለድኩት።»

«ተቀመጥ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ።

እንዲህ ነው የነገረችን። እናቴ የደረሰች እርጉዝ ሆና ለአንድ ዘመድ ሠርግ ዋሂል መጥታ ነበር። ምጥ መጣ። አባቴ ያኔ አዲስ የነበረችው ዳሃቦ ውስጥ አስገብቷት ወደ ከተማ ሊበር ተነሳ። ላይኛው አገር ዘንቦ ኖሮ ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው፤ ዛሬ ጠዋት ራዲያተር ያጠጣሁበት ደረቅ ወንዝ። መሻገር አልተቻለም። ሃሊሞ ያኔ ልጅ እግር ነበረች፤ የእናቴን ጭንቅላት ጭኗ ላይ ይዛ ኋላ ተቀምጣለች። እኔ ጎርፉ እስኪጎድል አልጠበቅኩም። እዚያው ቀዩ ቆዳ ላይ ወጣሁ።

«አባትህ መሪውን ጨብጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ» አለች። «እናንተ ሁለታችሁ ነበር የምታለቅሱት፤ እናትህ ዝም ብላለች። ከዚያ ወደ እኛ ተመለስን፤ እትብትህን እዚህ ቀበርነው። እናትህ ግን አስማለችን። ‹የከተማ ልጆች ገጠሬ እያሉ ይሰድቡታል፤ ሆስፒታል ተወለደ በሉ› አለች። እኛም አልን። እስካሁን አልን። አሁን እሷም የለች፤ አብዱላሂም የለ። እኔም እንደዚህ ይዤው ልሂድ?»

ተነሳችና ወደ ዳሃቦ ሄደች። የኋላውን በር ከፈተች። መዳፏን ወንበሩ ላይ፣ የደበዘዘው መሐሉ ላይ፣ አሳረፈች። «አብዱላሂ አልቀየረውም» አለች። «አጥበነው አጥበነው ነው እንዲህ የነጣው።»

እኔ ሉቅማንን ስንት ዘመን ገጠሬ ስለው እንደኖርኩ አሰብኩ። «የፈረንሳይ ቆዳ» ስል አባቴ ከፊት ተቀምጦ በመስታወቱ የሚያየኝ አስተያየትም ትዝ አለኝ። ያኔ ኩራት ነው የመሰለኝ።

«አባ» አለች ፋርሒያ፣ «ዝም አልክ።»

«እያሰብኩ ነው።»

«ሳትናገር ስታስብ አይቼህ አላውቅም።»

ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እንግዲህ የዳሃቦ እትብት እዚህ የለም» አለችኝ።

«የለም» አልኩ።

«ትውልድ አገሯ አልደረሰችም ማለት ነው።»

ልከራከር እችል ነበር። እንዲያውም ቢያንስ ሦስት ጥሩ ክርክር ወዲያው መጥቶልኝ ነበር። ግን የመስኮት ላይዋ ሴት ፊቴ ድቅን አለች። «ነጩን መኪና እንከራያለን» አልኩ። «ንጹሕ ነው። አይገፋም።»

ፋርሒያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ልክ አንድ ስፌት ያላሳመናት ጊዜ እንደምታየው።

ኤዶ ሃሊሞን ተሰናብተን ሞተሩን አስነሳሁ። ከቁርቁራው ጥላ ሳንወጣ ከኮፈኑ ሥር አንድ ነገር ጠሽ አለ፤ ከዚያ ጥፊ መሰል ድምጽ። አጠፋሁና ኮፈኑን ከፈትኩ። የሉቅማን ኦሪጅናል ቺንጊያ ሁለት ቦታ ተበጥሶ፣ እንደ ሞተ እባብ ራዲያተሩ ላይ ተጋድሟል።

ፋርሒያ መጥታ አየችው። ልክ በወሬዬ ውስጥ እንዳለው፣ ቺንጊያው ዋሂል ላይ ተበጠሰ።

እዚህ ላይ እንግዲህ ዕድል አይደለም፤ ችሎታ ነው የሠራው። ኤዶ ሃሊሞን ጠፍር ጠየቅኳት፤ ግመል ላይ ዕቃ የሚታሰርበት የጥሬ ቆዳ ጠፍር። ውሃ ውስጥ ነከርኩት፤ በማራገቢያውና በውሃ ፓምፑ መዘውር ላይ ጥብቅ አድርጌ ጠመጠምኩት፤ አባቴ ያስተማረኝን ቋጠሮ ቋጠርኩበት። ቆዳ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ሲሸበሸብ ይጠብቃል። እየሞቀ በሄደ ቁጥር እየጠነከረ የሚሄድ ቺንጊያ የትኛው ፋብሪካ ነው የሚሠራው? አንድም። ሞተሩን አስነሳሁ። ዞረ። ትንሽ የፍየል ሽታ አለው እንጂ ዞረ።

ቀና ስል ፋርሒያ የለችም። ቁርቁራው ሥር ተንበርክካ፣ የኔን ካቻቢቴ ይዛ አፈር ትቆፍራለች። የተበጠሰው ቺንጊያ አጠገቧ አለ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሥራዬን» አለች ሳትዞር። «ፋብሪካ ውስጥ ጉድለት የተገኘበት ሱሪ ሁሉ አይጣልም። የማይጠገነው ይጣላል። የሚጠገነው ይጠገንና ያልፋል።» ቺንጊያውን ጠቅልላ ጉድጓዱ ውስጥ አስገባችው፤ አፈር መለሰችበት፤ በመዳፏ ደለደለችው። «ያንተ ወሬ የሚጠገን ነው።»

«ግን እኮ ነጩ መኪና…»

«በነጩ መኪና ሰው ተወልዷል?»

ኤዶ ሃሊሞ ምርኩዟ ላይ ተደግፋ ሁለት እጇን ዘረጋችና ዱዓ አደረገች፤ ለፋርሒያ፣ ለኔ፣ ለዳሃቦም። ከጨረሰች በኋላ እጇን ፊቷ ላይ አሻሸች። «ሀዬ» አለች፣ «ካልቱን ትደውልልኝ። አሁን እመሰክራለሁ። ቺንጊያዋ እዚህ ተቀብሯል፤ በዐይኔ አይቻለሁ።»

ደረቁ ወንዝ ላይ ስንደርስ አሸዋው ጎማዋን ያዝ ማድረግ ጀመረ። ቆምኩና ከጎማዎቹ ትንሽ ትንሽ አየር አስተነፈስኩ፤ ማርሹን አንደኛ ላይ አስገብቼ እንደ ጠንቃቃ ግመል ቀስ ብዬ ነዳኋት። ፋርሒያ የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ «ነይ፣ ነይ፣ ዳሃቦ» ትላለች። ለኔ አይደለም፤ ለመኪናዋ። ወጣች። ከዚያ ወዲያ እስከ ድሬ ማንም ጣቱን አላሳረፈባትም። ጠፍሩም ያልኩትን አደረገ፤ እንዲያውም ቤት ደርሰን ልፈታው ስል በመጥረቢያ ካልሆነ አልፈታም ብሎኝ ነበር፤ እሺ፣ በቢላዋ።

ካልቱን በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ወደኔ አላየችም። «ተገፋች?» አለቻት ፋርሒያን።

«አልተገፋችም።»

«ትውልድ አገሯስ?»

«ዋሂል። እትብቷን እኔ ራሴ አይቻለሁ።»

ካልቱን ልጇን አየቻት፤ ጥፍሯ ሥር የገባውን ቀይ አፈር አየች። ከዚያ ወደ ቤት ገባች። ደግማም አላነሳችውም።

በማግስቱ ሉቅማን ሱቅ ሄጄ ጉዞውን ተረክሁ። ስለ ቺንጊያው ሁሉም አመኑኝ፤ ኤዶ ሃሊሞ ለካልቱን፣ ካልቱን ለመንደሩ መስክራለች። ሉቅማን ራሱ፣ «አባትህ አዋቂ ሰው ነበር» አለ። ደስ አለኝና፣ ይገባዋል ብዬ፣ እውነቱንም ጨመርኩለት። «ሉቅማን፣ ከዛሬ ጀምሮ ገጠሬ አልልህም። እኔም ዋሂል ነው የተወለድኩት። ዳሃቦ ውስጥ፣ የኋላ ወንበሯ ላይ፣ ጎርፍ ዳር።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ጫቱ ትንታ ሆኖበት ጀርባውን መቱት።

«በሬ ወለደ» አለ ሉቅማን እንባውን እየጠረገ። «ዐብዲ፣ ልክ አለው እኮ።»

እሑድ ዳሃቦ ከፊት ሄደች። ጠዋት ራሴ አጥቤያታለሁ፤ ፍሬቻዎቿ ሁሉ ይሠሩ ነበር፤ ግራውም ጭምር አልፎ አልፎ። ነጫጮቹ መኪኖች ከኋላ ተሰለፉ፤ ከከዚራ እስከ ሳቢያን የኛን ጭስ እየዋጡ ተከተሉን። ጦልሃ ከኋላ ፋርሒያ አጠገብ ተቀምጦ ቆዳውን ዳሰሰና፣ «ይሄ ኦሪጅናል ነው?» ሲል ሰማሁት።

መልስ ልሰጠው አፌን ከፈትኩ። ፋርሒያ ግን ቀደመችኝ፤ ቬሎዋን ከደበዘዘው ቦታ ላይ ሰብሰብ አድርጋ፣ እጇን እዚያው አሳርፋ።

«ቀስ ብለህ ተቀመጥበት» አለችው። «የአባቴ ትውልድ አገር ነው።»

የጦልሃ ቤት ስንደርስ እናቱ በረንዳ ላይ ቆማ ነበር። ሞተሩን ቶሎ አላጠፋሁትም።